ምንጭ የጠየቀና የተሳደበ እኩል የሚቀጡበት ፍርድ

ሰሞኑን፣ ማንም በኢንተርኔት ገብቶ በሚያርመው አንድ የአማርኛ የስፖርት መዝገብ ላይ የተሰጠ ውሳኔ አለ። ከጎጃም በተነሳ አንድ አጥቂ ገጽ ላይ «በፕሪሚየር ሊጉ ከ100 በላይ ግቦችን ያስቆጠረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ማጣቀሻ ገባ። አንድ አራሚ ምንጩን ጠየቀ። ያስገባው ሰው «አንተ የት ስታዲየም ገብተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጀምሮ እናቱ ላይ ደርሶ አቆመ። አስተዳዳሪው ሁለቱንም ለሁለት ሳምንት አገደ፣ ገጹንም ቆለፈ። መቶው ግብ ግን ከነክብሩ እዚያው ተቀምጧል። ለውሳኔው የተጻፈው ምክንያት ደግሞ «ምንጭ ደጋግሞ መጠየቅ በራሱ ንቀት ነው፤ ሁለቱም ጨዋነት አጉድለዋል» ይላል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ተሳዳቢውን ብቻ ቢያግድ ደጋፊው ሊነሳበት ነው፤ ስለዚህ ጠያቂውን ደረበበትና ሚዛን የጠበቀ ውሳኔ አለው። መዝገቡ ደንቤን የቀዳሁት ከውክፔዲያ ነው ይላል። ከቀዳ አይቀር አንብቦ ቢቀዳ ምን ነበረበት? በውክፔዲያ ደንብ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ዓረፍተ ነገሩን ያስገባው፣ ወይም ከወጣ በኋላ የመለሰው ሰው ነው። ጠያቂው ዕዳ የለበትም። ጨዋነት ከአምስቱ የውክፔዲያ ምሰሶዎች በአንዱ ላይ ተጽፏል፤ «ምንጭህ የት አለ?» የሚለውን ከስድብ የሚቆጥር አንቀጽ ግን ከእነዚያ ምሰሶዎች ሥር የለም። ጠያቂው ሦስት ጊዜ የጠየቀው ሁለት ጊዜ ስላልተመለሰለት ነው።

የውሳኔው ደጋፊዎች ካቀረቡት ሁሉ ደካማው «ግቡን እኮ ሕዝብ አይቶታል፤ ዓይን ያየውን ወረቀት ይመስክር?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ጎጃሜዎች መሆናቸው ነው የሚገርመው። በላ ልበልሃ ሲባባል በኖረ አገር ምስክር በስሙ ይጠራል፣ ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ባላጋራው ይፈትነዋል። «ገበያተኛው በሙሉ አይቷል» ብሎ የተነሳ ከሳሽ ተረትቶ ነው የሚገባ። ማጣቀሻ ያው ምስክር ነው፤ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊፈትነው ይችላል።

ደግሞስ ሕዝቡ ያየው ምኑን ነው? አንድ ቀን ከሰዓት አንድ ኳስ መረብ ሲነካ አይቷል። መቶ ግብ የሚታይ ነገር አይደለም፣ የሚደመር ነው፤ ጉዱም ያለው ድምሩ ላይ ነው። በሁለተኛው እርከን፣ በከፍተኛ ሊግ የተቆጠረው ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር ይቀላቀላል። የጥሎ ማለፍና የወዳጅነት ጨዋታ ግቦች ሹልክ ብለው ይገባሉ። ተከላካይ በራሱ መረብ ላይ ያሳረፈው ለአጥቂው ይመዘገባል። በኮሮና ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው የተሰረዘው የ2012 የውድድር ዓመትም አለ፤ የዚያ ዓመት ግቦች ይደመሩ አይደመሩ የሚለው ራሱ አንድ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ የሚሠራው በየዓመቱ ነው፦ ለአንድ የውድድር ዓመት አንድ ረድፍ፣ ሊግ ለብቻ፣ ጥሎ ማለፍ ለብቻ፣ ብሔራዊ ቡድን ለብቻ፣ በየረድፉ መጨረሻ ማጣቀሻ፣ የ2012ቱ ረድፍ ላይ የግርጌ ማስታወሻ። ከታች ያለው ድምር ከረድፎቹ ጋር ካልገጠመ ድምሩ ይወጣል፣ ረድፎቹ ይቆያሉ። ይህ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ስድብ ግን ከስልክ ላይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

የቀን ነገርማ አይነሳ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ዕለት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። የቸኮለ አራሚ ሴፕቴምበር ሲያይ አዲስ ዓመት ገብቷል ብሎ 7 ይቀንስና 1953 ብሎ ይጽፋል። ዕለቱ ግን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ 1953 የገባው በማግሥቱ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ ማለቂያ 8 ዓመት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ዋዜማው ላይ ሲደርሱ ግን ይስታሉ። የአፍሪካ ዋንጫውም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታችው ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ስለሆነ ጥር 13 ቀን 1954 ይሆናል፤ በጥር ወር 7 የቀነሰ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ይስታል። ከዚያ ሁለት ሰዎች ይጋጠማሉ፤ አንዱ «የአገርህን ታሪክ አታውቅም» ይላል፣ ሌላው «ፈረንጅ አምላኪ» ብሎ ይመልሳል። ስለ ቀኑ አንዳቸውም አንድ ቃል አልጻፉም። ምንጩ የጻፈውን ቀን እንዳለ ቢገለብጡት፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው ቢለዩት፣ የተመነዘረውን ቀጥለው በቅንፍ ቢያስቀምጡት ኖሮ ጠቡ ባልተነሳ። ሰዓትም ያው ነው፤ ከቀኑ 9፡00 የተጀመረ ጨዋታ በውጭ ገጾች 15፡00 ይባላል፣ አንዱ «አስተካከልኩ» ብሎ ያበላሸዋል።

የውድድር ዓመት ደግሞ ይብሳል። ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ያነሳበት የ2013 ውድድር በፈረንጆቹ 2020 ተጀምሮ በ2021 ነው ያለቀው። በዚያው ዓመት ሊጉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ እየተዘዋወረ ተካሄደ። እንግዲህ ስለ ባሕር ዳሩ ክለብ «የጣና ሞገዶቹ በሜዳቸው ያልተሸነፉበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገባ የቱ ሜዳ ነው የተባለው? በመርሐ ግብሩ ባለሜዳ ተብሎ የተጻፈው ቡድን ጅማ ላይ ተጫውቶ ሊሆን ይችላል። ይህን የጠየቀ ሰው የባሕር ዳር ጠላት ነው እንዴ?

ምንጭም ሁሉ እኩል አይደለም። ክለቡ በፌስቡክ ገጹ «እገሌን አስፈርመናል» ቢል ለዝውውሩ ይበቃል፤ «በአገሪቱ ብዙ ደጋፊ ያለን እኛ ነን» ቢል ለምንም አይበቃም። በዕለቱ የተጻፈ የሶከር ኢትዮጵያ የጨዋታ ዘገባ ከወር በኋላ በቴሌግራም ከሚዞር ማጠቃለያ ይበልጣል። በኩርም ሆነ አዲስ ዘመን የታተመው ቅጂ ሊንክ ባይኖረውም ምንጭ ነው፤ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑ፣ ገጹና የጽሑፉ ርእስ ይጻፋል፣ የተጠራጠረ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ይገልጠዋል። «ሊንክ ከሌለው ምንጭ አይደለም» የሚሉትም እንግዲህ ሌላ ራስ ምታት ናቸው። የፌስቡክ ልጥፍ በማጣቀሻነት ሲገባ ደግሞ በዚያው ቀን ቅጂውን ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድረ ገጾች ማኅደር ላይ ለማስቀመጥ መሞከር ነው፤ ካልተቀመጠ ሌላ ምንጭ ይፈለግለት፣ ምክንያቱም ክለቡ አሠልጣኝ በቀየረ ማግሥት ልጥፉ ሊጠፋ ይችላል። በዞን ደረጃ የሚደረጉ ጨዋታዎች ዘገባ እንደማይጻፍላቸው አውቃለሁ፤ የቢቸናም የሞጣም ልጅ ሥራው በዚህ ምክንያት ይቀርበታል። ያሳዝናል። ያም ሆኖ ያልተጻፈ ነገር ወደ መዝገብ አይገባም።

ከሁሉ ሰው የሚያታልለው ግን ዙሪያ ጥምጥሙ ነው። ቁጥሩ ያለ ምንጭ ይገባል፣ አንድ የዜና ገጽ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ያው የዜና ገጽ ምንጭ ሆኖ ይመለሳል። ማጋለጡ አያስቸግርም። የገጹን የለውጥ ታሪክ ከፍቶ ቁጥሩ መጀመሪያ የገባበትን ቀንና ሰዓት መያዝ፣ ምንጭ የተባለው ጽሑፍ ከወጣበት ቀን ጋር ማስተያየት ነው። ጽሑፉ ዘግይቶ ከወጣና ቃል በቃል አንድ ከሆነ በሬ ወለደ ነው።

ምንጮች ሲጋጩ «ለማስታረቅ» የሚሞክሩም አሉ። የባሕር ዳር ስታዲየም የሚይዘው ተመልካች አንድ ቦታ 52 ሺህ፣ ሌላ ቦታ 60 ሺህ ተብሎ ይገኛል። መካከሉን ወስዶ 56 ሺህ ብሎ መጻፍ ሽምግልና ሊመስል ይችላል፤ 56 ሺህ ያለ ምንጭ ግን የለም። ሁለቱም ማን እንዳላቸው ተጠቅሶ ይጻፋሉ፤ በንድፍ የታሰበውና ዛሬ ወንበር ያለው ቁጥር አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉም ይታወቃል። በዚያው ገጽ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙን መከልከሉንና ኢትዮጵያ በኅዳር 2014 ጋናን ደቡብ አፍሪካ ላይ ማስተናገዷን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ቢገባ «ከተማችንን ሰደበ» ብሎ የሚሰርዝ አይጠፋም። ምንጭ ያለው መራራ እውነት ስድብ አይደለም። ስድብ የሚሆነው ምንጭ የሌለው ሙገሳ ያልተቀበለን ሰው ባንዳ ማለት ነው።

ስለ ስድብ ካነሳን፣ አስተዳዳሪው ጨዋነት የሚለካው በቃላት ዝርዝር ይመስለዋል። በቅኔ አገር እንዲህ ማሰብ የዋህነት ነው። «እርስዎ ሊቅ ነዎት፣ እኛ ደግሞ ኳስ ብቻ ነው የምናውቀው፤ ይማሩን እንጂ» የሚል መልስ ውስጥ አንድ የተከለከለ ቃል የለም፤ ማጣሪያው ያሳልፈዋል፤ የተጻፈለት ሰው ግን ወርቁን አግኝቶታል። መለኪያው ሌላ ነው፦ ጽሑፉ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ነው ወይስ ስለ ሰውየው? ለዚህ ነው የውይይት ርእስ «የእገሌ ውሸት» ሳይሆን «የ2016 የሊግ ግቦች ቁጥር» መባል ያለበት።

በውክፔዲያ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ደግሞ የተሰወረ አይደለም። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት ይደረጋል። መልስ ከጠፋ ይነሳል፣ ምክንያቱ በለውጡ ማጠቃለያ ላይ በአንድ መስመር ይጻፋል። የተነሳበት ሰው መልሶ ካስገባው ጠያቂው ሁለተኛ አይሰርዝም፤ ወደ ውይይት ገጹ ይሄዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌላውን ለውጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ሽሮ መመለስ ያሳግዳል፤ 25ኛው ሰዓት ላይ ጠብቆ አራተኛውን የሚመልስ ብልጥም አይድንም። ጭቅጭቁ የሁለት ሰው ብቻ ከሆነ የሦስተኛ ሰው አስተያየት ይጠየቃል፣ ከዚያም ሰፊ ውይይት ይከፈታል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይሞከር ነው የሁለት ሳምንት እገዳ የወረደው።

በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ ሲሆን ምልክትም፣ መልስ መጠበቅም የለም። «ዕድሜውን ቀንሷል» ወይም «ዶፒንግ ተጠቅማለች» የሚል ምንጭ አልባ ዓረፍተ ነገር በታየበት ደቂቃ ይሰረዛል። የዶፒንግ ጉዳይ የሚከታተለው የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት ጊዜያዊ እገዳ ቢያሳውቅ እንኳ የሚጻፈው ጊዜያዊ እገዳ መጣሉ ነው፤ ጥፋተኝነት የሚጻፈው ከተፈረደ በኋላ ነው። ለሙገሳ ምንጭ አያስፈልግም ያለ አስተዳዳሪ ነገ ለሐሜቱ በምን አፉ ሊጠይቅ ነው?

የውሳኔው የመጨረሻ መስመር ደግሞ «ለሰባት ቀን ውይይት ከፍተን ነበር፤ የአካባቢው አራሚዎች ስላልመጡ ተስማምተዋል» ይላል። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ስንት ወር እንደቆየ ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም መስመር ባገኘ ቀን ብቻ የሚገባ አራሚ ሊኖር ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሰባት ቀን ዝምታን ስምምነት ማለት በሩን ቆልፎ «ማን መጣ?» ማለት ነው። ውክፔዲያ ራሱ ሰፊ ውይይትን በተለምዶ ለ30 ቀን ነው የሚከፍተው። ያ 30 ቀን እዚህም ይሰጥ፤ ዓረፍተ ነገሩ እስከዚያው ከገጹ ወጥቶ በውይይት ገጹ ላይ ይቆይ፤ የጠያቂውም እገዳ ዛሬውኑ ይነሳ።