ዊንዶውስ 10 እኮ ደግ ነበር

እኛ አገር ሰው ደግ የሚሆነው ሲሞት ነው። በቁሙ ነገረኛ፣ ቆንቋና፣ አጥር ገፊ ሲባል የኖረ ሰው ድንኳን ተተክሎ ንፍሮ መዞር ሲጀምር "እሱን የመሰለ ሰው ከየት ይገኛል!" ይባልለታል። ከሁሉ ቀድሞ ደረቱን የሚደቃውም ትናንት ፍርድ ቤት ያቆመው ጎረቤቱ ነው። ይሄ ልማድ ከሰው አልፎ ሶፍትዌር ዘንድ መድረሱን ያየሁት ኮምፒውተራችንን የሚያሠራው ዊንዶውስ 10 የሞተ ጊዜ ነው።

ቀኑ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ሠሪው ኩባንያ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይልክ የነበረውን የደህንነት ማሻሻያ አቆመ። ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ፋይልህም የትም አይሄድም። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም፣ በቃ፣ ሞቱ ይኸው ነው። ለቅሶውን ግን ብታዩት! "እንደሱ ያለ ቀላል የለም"፣ "ስንት ዘመን አብረን ኖርን"፣ "ሰው የማያስቸግር ጨዋ ነበር እኮ"።

ጨዋ? ዊንዶውስ 10?

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይሄ ሟች ሲመጣ እኮ በር ገንጥሎ ነው የገባው። በ2015 ነበር (ከዚህ በኋላ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ የሠሩት እነሱ ናቸው)። በነፃ ነው ተባለ። ነፃ ሲባል ደስ ይላል፤ ችግሩ አልፈልግም ያለውንም አልለቅም ማለቱ ነው። ሰዓቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት ተክሎ ጠዋት ማታ "አልጫንም ወይ?" ይላል። በ2016 ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ማሳሰቢያውን ለመገላገል ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት የተጫነ ሰው እምቢ ያለ መስሎት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ቀጠሮው ግን እንደጸና ነው፣ ሲመለስ አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ተረጋግቶ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ይቀበለዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ሴት ያልጠየቅሁት ማሻሻያ ኮምፒውተሬን ከሥራ ውጪ አደረገብኝ ብላ ከሰሰች። 10,000 ዶላር ተፈረደላት፤ ኩባንያውም ይግባኙን ትቶ ከፈለ። ይሄ ዜና በጊዜው እኛ ሰፈር ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ማሻሻያ የሚጠላ ሰው አይገኝም ነበር።

ያኔ ያልተባለው ነገር የለም። ሰላይ ነው፣ ዳታ ይበላል፣ ማሽን ያንቀራፍፋል። "ሰባት እያለልኝ አስር ምን ይሠራልኛል" የማይል ሰው አልነበረም። ይኸው ሰው ነው ዛሬ "አስር እያለልኝ" የሚለው። ቃሉ አንድ ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚቀይረው።

ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው። ኤክስፒ የሚባለው ዊንዶውስ በ2001 ሲመጣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሙን አይተው የሕፃን መጫወቻ ነው ያሉት ብዙ ናቸው። በ2014 ድጋፉ ሲቋረጥ ግን የሱን ያህል የተለቀሰለት የለም። ስክሪኑ ጀርባ ላይ የነበረው ያ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ትዝ ይላችኋል? በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነው። ሱሉልታ ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር ጓደኛ ነበረኝ፤ ማስረጃ አሳይቼውም አላመነም። ቀጣዩ ዊንዶውስ፣ ቪስታ፣ በ2007 መጣ፤ ስክሪኑን አጨልሞ "ፈቅደሃል?" ይላል፣ ፈቅጃለሁ ስትለው ለሌላ ነገር ደግሞ እንደገና ይጠይቃል። እሱን እንኳ እስከ ዛሬ ያለቀሰለት አላጋጠመኝም። ቀባሪ ማግኘቱንም እጠራጠራለሁ።

ዊንዶውስ ስምንትስ? ከ1995 ጀምሮ ግራ ጥግ ላይ የኖረችውን፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር (ሜኑውን) የምትከፍተውን የስታርት ቁልፍ በ2012 ነቅሎ ጣላት። ዓለም ተተራመሰ። ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠፍቶት ኮምፒውተሩን ከሶኬት እየነቀለ ወደ ቤቱ የሚሄድ የሒሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ ምን ያድርግ፣ ሰርቪሱ ሊያመልጠው ነው። ጩኸቱ ሲበዛ በ2013 ቁልፏን መለሱ፣ ሜኑውን ግን አስቀሩት። ሜኑው የተመለሰው ከ10 ጋር ነው። 9ን ምን በላው አትበሉኝ፤ ዘለውት ነው የመጡት። እና ያን ሁሉ ስድብ የጠጣው 10፣ ሲመጣ ቢያንስ ይሄን ሜኑ ይዞ ነው የመጣው፤ ያኔ ግን ይሄን ያነሳለት ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ በለቅሶው ላይ ሁሉም ያነሳዋል።

የሚገርመው በዚያው በ2015 ከኩባንያው ባለሙያዎች አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ብሎ ነበር። በ2021 አስራ አንድ መጣ።

አስራ አንድም በነፃ ነው ተባለ። እሰይ ብለህ ልትጭን ስትል ይሄ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም ይልሃል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይኑርህ፣ ፕሮሰሰርህ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይሁን። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኼኔ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ላፕቶፕ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?" የሚለው ነው፤ ያገለገለ 6ኛ ጀነሬሽን ገዝቶ "ምንም አይለው፣ እንደ አዲስ ነው" ሲል የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ዕቃው ጡረታ እንደወጣ ሲነገረው ምን ይሰማዋል? ያንገበግባል። ለነገሩ ዊንዶው ጫኙ ልጅ አለ። ፍላሹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣና "አታስብ ጋሼ፣ መዝለያ አላት" ይልሃል። ለዚህ ልጅ የማይዘለል መስፈርት የለም።

በነገራችን ላይ አምርሮ የሚያማርረው ማን መሰላችሁ? ለዊንዶውስ ሳንቲም ከፍሎ የማያውቀው ነው። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን አስጭኖ፣ ለጫኚው ልጅ የሻይ ሰጥቶ፣ "ይሄ ኩባንያ ደንበኛውን ይንቃል!" ይላል። ደንበኛ?

ደግሞ የማሻሻሉ ሥራ ራሱ እዚህ አገር ሌላ ጣጣ አለው። ማሻሻያው በጊጋባይት ነው የሚመጣው። በስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ አንዲት ኢሜይል ሊልክ የተቀመጠ ሰው ኢሜይሏ ሳትወጣ ፓኬጁ ያልቃል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ግንኙነቱን ሜትርድ (ዳታ ቆጣቢ) ማድረግ እንደሚቻል ያወቀ ሰው በቢሮው እንደ ሊቅ ነው የሚከበረው። ዳታው ቢተርፍ እንኳ መብራቱ አለ። ስክሪኑ ላይ "ማሻሻያ በመካሄድ ላይ፣ 27 በመቶ፣ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ" ይላል። እኛ መች አጠፋን? ይሄ ማስጠንቀቂያ መነገር ያለበት ለመብራት ነው። 27፣ 28፣ 30 እያለ ሁሉም ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያል፣ ማንም አይናገርም፣ ልክ 64 ላይ ሲደርስ ድርግም። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝልን መጠባበቂያ፣ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ ሥራው ጢጥ ጢጥ እያለ መርዶ መንገር ብቻ ነው። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሳና "ለውጦቹን በመመለስ ላይ" ይላል። የሄደበትን ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ነገ እንደገና ይጀምራል። ለአፍታ አቁም የምትለዋን እየተጫኑ ማሻሻያውን የሚያዘገዩ ሰዎችን ሰነፍ የሚል ሰው ይሄን ያላየ ነው።

እንዲህ በተማረርክበት ሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዎች አይጠፉም። አንደኛው "ሊኑክስ አትጭንም እንዴ?" ይልሃል፤ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ይሄ ሰው ፕሪንተሩን ለማሠራት እሑዱን በሙሉ እንደሚያጠፋ አይነግርህም። ሁለተኛው ማክ፣ የአፕልን ኮምፒውተር፣ የያዘው ነው፤ ምንም አይልም፣ ፈገግ ብቻ። እሱንም አየነው፤ በ2025 መስከረም ማክኦኤስ ታሆ የሚባለው የማክ ማሻሻያ መጥቶ ሜኑውን ሁሉ መስታወት ሲያደርግበት "ጽሑፉ አይታየኝም" እያለ ዓይኑን ያሽ ነበር። እንኳን ደህና መጣህ፣ ድንኳኑ ሰፊ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጩኸታችን ሁሉ የባዶ አይደለም። በ2024 ሪኮል የሚባል ነገር አስተዋወቁ። ስክሪንህን በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ እያነሳ ያስቀምጥልሃል፣ በኋላ የረሳኸውን እንድትፈልግበት። ልብ በሉ፣ ጆሮ ጠቢ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ሕዝብ ነው ይሄን የሚሰማው። ፈረንጁም ቢሆን አልቻለውም፤ ጮኸ፣ እነሱም አዘገዩት፣ በኋላም ተጠቃሚው ካልፈቀደ እንዳይሠራ አደረጉት። ስለዚህ "ዝም ብላችሁ ተቀበሉ" የሚሉንን አልሰማቸውም። አንዳንዴ መጮኽ ያዋጣል። ጉዳዩ ለስታርት ቁልፍም ለሪኮልም በአንድ ድምፅ መጮኻችን ነው፤ ሰሚው የትኛው እንደሚያመን በምን ይለየው?

ሐዘኑን ያሳመረው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን፣ ትውልድ ያስደነገጠው፣ በዚያው በ2025 አስራ አንድ ላይ ወደ ጥቁር ተቀየረ። አስር በሞተበት ዓመት ጥቁር ለበሰ ማለት ነው። ይሄን እንኳ ወግ አውቀዋል። ማራዘሚያም ሰጥተዋል፤ መለየት ላቃተው ሰው እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ በ30 ዶላር፣ ወይም ሴቲንግህን ከነሱ አካውንት ጋር ካያያዝክ በነፃ። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከታይፕ ዘመን ጀምሮ ያሉ አንዲት ጸሐፊ አሉ፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ሥራ አስኪያጅ ቢቀየር እሳቸው አሉ። ደብዳቤ ሲጽፉ ጣታቸው አይታይም። ወዳጄ ቅዳሜ ገብቶ አስራ አንድን ጫነላቸው። ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህብኝ ነው?"

"ምን ሆነ እትዬ?"

"ስታርቷ የታለች?"

"ያቻት፣ መሃል ላይ።"

"መሃል ላይ ምን ትሠራለች?"

ሄደ። ስታርቷን አሳያቸው። ቀኝ ክሊክ አደረጉና ኮፒ የሚል ቃል ፈለጉ፤ የለም፣ በምትኩ ተደራርበው የተቀመጡ ሁለት ወረቀቶች የምትመስል ትንሽ ሥዕል ናት (በኋላ ስሟን ከሥሯ ጻፉላት)። "ተጨማሪ አማራጮች የምትለዋን ይጫኑ እትዬ፣ የድሮው ሜኑ እዚያ ውስጥ አለ።" እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለምን ይደብቁታል? የሰረቅኳቸው ነገር አለ?" ይባስ ብሎ የድሮ የግዕዝ ፎንት ሳይጫን ቀርቶ ኖሮ፣ ለሚኒስቴሩ የሚላከው ደብዳቤ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ ጫካ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወዳጄ በዝርዝር አልነገረኝም። ብቻ እትዬ ዓይኔን አመመኝ፣ እጄ ዛለ፣ ደም ግፊቴ ተነሳ፣ አስሬን መልስልኝ አሉ።

አስርን መመለስ አይቻልም፣ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ወዳጄ ተመልሶ ገባ። ፎንቱን ጫነ። ሴቲንግ ከፍቶ ስታርቷን ከመሃል ወደ ግራ ወሰዳት። የድሮውን የአስርን ሰማያዊ ምስል ፈልጎ ጀርባው ላይ አደረገ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልነካም።

"አስርን መለስኩልዎት እትዬ።"

እትዬ ተቀመጡ። ግራ ጥግ ላይ ጠቅ አደረጉ። ደብዳቤውን ከፈቱ፣ አማርኛው አማርኛ ነው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ወደ ሒሳብ ክፍሏ ልጅ ዞረው፣ "አየሽ፣ ኮምፒውተር ማለት ይሄ ነው! ዓይኔ ራሱ በራ። እንዲያውም ከበፊቱ ፈጠን ብሏል" አሏት። ከዚያ ወዳጄን በሹክሹክታ ጠሩት።

"እነዚያ አስራ አንድ የተጫነባቸው ልጆች አሳዘኑኝ። ለነሱም አስርን ብትጭንላቸው ምን አለበት?"