ለደሴት ነዋሪ «ተለዋጭ መንገድ» የት አለ?

«ድልድዩ ለጥገና ስለሚዘጋ አሽከርካሪዎች ተለዋጭ መንገድ እንዲጠቀሙ እናሳስባለን።» ይህ ማስታወቂያ በትልቅ ከተማ መሀል ሲለጠፍ ጠቃሚ ምክር ነው። በአንድ ድልድይ ብቻ ከየብስ ጋር ለተገናኘ ደሴት ነዋሪ ግን ምንም አይነግረውም፤ ዙሪያው ባሕር ነውና። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። ጉድለቱ የሚጀምረው ድልድዮችን የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች የደሴቱን ድልድይ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መዝገብ አስፍረው «በቀን ስንት ተሽከርካሪ ያልፍበታል?» በሚል ብቻ ሲመዝኑት ነው። በዚህ ሚዛን የደሴት ድልድይ ሁልጊዜ ቀልሎ ይገኛል። «ያለ እርሱ መውጫ የሌለው ሰው ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ከመዝገቡ አናት ላይ በተቀመጠ ነበር።

ጥገናው ይቅር ወይም ይዘግይ እያልሁ አይደለም። የምለው በጥገናው ጊዜ ሰው የሚሻገርበት መንገድ የጥገናው አካል ሆኖ ይቆጠር ነው። ወጪው በዚያው በጀት ይያዝ፣ ግዴታው በዚያው ውል ይጻፍ። ዛሬ ባለው አሠራር ድልድዩን የማደስ ወጪ የመንግሥት ሲሆን፣ ድልድዩ በመዘጋቱ የሚመጣው ወጪ ግን በየቤቱ ተከፋፍሎ ነዋሪው ላይ ይወድቃል። ወጪው ከመዝገብ ስለሚወጣም የሌለ ይመስላል።

የዌልስን የአንግልሲ ደሴት እንመልከት (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኙት ሁለት ድልድዮች ናቸው። አንደኛው ቶማስ ቴልፎርድ የነደፈውና በ1826 የተከፈተው የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ሁለተኛው ብሪታኒያ ይባላል፤ ለባቡር ተሠርቶ በ1970 ከተቃጠለ በኋላ እንደገና ሲታነጽ የመኪና መንገድ ተጨመረበት። ኦክቶበር 21 ቀን 2022 መሐንዲሶች የሜናይን ወለል ከሰንሰለቱ ጋር አንጠልጥለው የያዙት ቋሚ ብረቶች አሳሳቢ መሆናቸውን አስታወቁ፤ ድልድዩም በዚያው ዕለት ለተሽከርካሪ ተዘጋ። የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2023 ነው፤ ያውም ከ7.5 ቶን በላይ ለሚመዝን ተሽከርካሪ ተከልክሎ። በእነዚያ ወራት የደሴቱ ተሽከርካሪ በሙሉ ወደ ብሪታኒያ ድልድይ ጎረፈ። ያ ድልድይ ደግሞ ነፋስ ሲበረታ ቁመታቸው ከፍ ላሉ ተሽከርካሪዎች ይከለከላል። በሜናይ ድልድይ እግር ሥር ያለችው ትንሽ ከተማ ነጋዴዎች ደንበኛ ራቃቸው። በኦክቶበር 2025 ድልድዩ እንደገና ተዘጋ፤ በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ከወለሉ በታች ያሉት ተሸካሚ ብረቶች ብሎኖች ነበሩ።

መሐንዲሶቹ በመዝጋታቸው ልክ ናቸው። የሚያጠራጥር ብረት ላይ ሰው አሳልፎ ዕድልን መጠበቅ አይቻልም። ጥያቄዬ ከመዘጋቱ በፊት ስላሉት ዓመታት ነው። ሁለት መሻገሪያ ያለው ደሴት እንዲህ ከተጨነቀ፣ አንድ ብቻ ያለው ምን ይሆናል?

የባሕር ድልድይ የሚያረጀው ቀስ በቀስ፣ ዓይን በማያየው መንገድ ነው። ጨው ያዘለው እርጥበት በአርማታው ውስጥ ቀስ እያለ ይዘልቅና ፌሮው ጋ ይደርሳል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ደግሞ ተጨማሪ ጨውና ውኃ ይገባል። በላይ በኩል የወለሉ ክፍሎች ለሙቀትና ለቅዝቃዜ እንዲላወሱ የተተወው ክፍተት አለ። በውስጡ ያለው ማሸጊያ ጎማ ሲቀደድ የመንገዱ ጭቃና ውኃ በቀጥታ ወለሉ የተደገፈበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ጎማ መቀየር፣ የውኃ መውረጃ ቱቦውን መጥረግ፣ የተላጠውን ቀለም በጊዜው መቀባት የጥቂት ሌሊቶች ሥራ ነው። ለዓመታት ሲተላለፍ ግን ወለሉን በክሪክ አንሥቶ ድጋፉን መለወጥ ግድ ይሆናል፤ ያኔ መዘጋቱ በሌሊት አይቆጠርም። ስለዚህ «አትዝጉብን» የሚል የደሴት ነዋሪ በራሱ ላይ ይፈርዳል። መጠየቅ ያለበት በየጊዜው፣ በአጭሩ፣ ቀኑ ቀድሞ ታውቆ እንዲዘጋ ነው።

የክብደት ገደብንም ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በዋዛ ይታለፋልና። ገደቡ ሲወጣ ዜናው «ድልድዩ ተከፈተ» ይላል፣ የቤት መኪናዎችም ያልፋሉ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ግን አያልፍም። ውኃ የያዘ የእሳት አደጋ መኪና፣ ከብት የጫነ መኪና፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አያልፍም። መደርደሪያው ሲራቆት፣ ማደያው ሲደርቅ ከውጭ የሚያይ ሰው «ድልድዩ ክፍት አይደለም ወይ?» ይላል። ስለዚህ ገደቡ በወጣበት ቀን ከባድ ጭነት በምን እንደሚሻገር አብሮ ካልተነገረ፣ ድልድዩ ለግማሹ ሕይወት እንደተዘጋ ነው።

ድልድይ መኪና ብቻ አያሻግርም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በፓላው የኮሮርንና የባቤልዳኦብን ደሴቶች ያገናኝ የነበረው የአርማታ ድልድይ መሀሉ ከአንድ ሜትር በላይ ጎብጦ ነበር። በ1996 ተጠገነ። ጥገናው በተጠናቀቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን፣ ተደርምሶ የሁለት ሰው ሕይወት ጠፋ። ኮሮር የሕዝቡ መኖሪያ ነበረች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ግን በባቤልዳኦብ ነበር። የውኃ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩም በዚያው ድልድይ ላይ ያልፉ ስለነበር አብረው ተቆረጡ። አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ቋሚ ምትኩ የተከፈተው በ2002 ነው። ድልድይ የሚመረምር ሰው ከወለሉ ሥር የታሰሩትን ቧንቧዎችና ሽቦዎች ባለቤቶች ጭምር ጠርቶ ማነጋገር ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ድልድይ ሲመጣ ጀልባው የሚሞት መሆኑ ነው። በስኮትላንድ የስካይ ድልድይ በ1995 ሲከፈት በዚያው ቦታ ያሻግር የነበረው የመኪና ጀልባ አገልግሎቱን አቆመ። በካናዳ ደግሞ 12.9 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኮንፌደሬሽን ድልድይ በ1997 ወደ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ሲዘረጋ በአጠገቡ የነበረው የጀልባ መስመር ቢዘጋም፣ በደሴቱ ምሥራቅ ያለው ሌላ መስመር ግን በብርዱ ወራት እያቋረጠ እስከ ዛሬ ይሠራል። የሚሻለው የኋለኛው ነው። ጀልባን በችግር ጊዜ ተከራይቶ ማምጣት ይቻላል፤ መኪና የሚወርድበትን መድረክ፣ የጠራ መግቢያና ውኃውን የሚያውቅ ካፒቴን ግን በአንድ ሳምንት ማምጣት አይቻልም። አሮጌው መድረክ ለመዝናኛ ሥፍራ ከመሸጡ በፊት ይህ ይታሰብበት።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም አደጋ ሲደርስ ገንዘቡም ፍጥነቱም ይገኛል። በፍሎሪዳ የሳኒበል ደሴት መንገድ በሴፕቴምበር 2022 በአውሎ ነፋስ ኢያን ሲቆራረጥ፣ በሦስት ሳምንት ገደማ በጊዜያዊ ጥገና ለነዋሪው ተከፍቷል። ቀድሞ ለታቀደ ጥገና ከዚህ ጥድፊያ ጥቂቱን መንፈግ የአቅም ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

ውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ? ኩላሊቱ በሕክምና የሚታጠብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽኑ ጋር መገናኘት አለበት። ማሽኑ ማዶ ከሆነ የእርሱ የመሻገሪያ ሰዓት ከተቋራጩ የሥራ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ይሰፍር። ሥራው በግማሽ ወለል ላይ ከሆነ ለአምቡላንስ የሚነሣው መከለያ በስንት ደቂቃ እንደሚነሣ፣ ሌሊት ሬዲዮውን ማን እንደሚይዝ በስም ይመደብ። ሁለቱም ወገን በሚዘጋባቸው ሰዓታት አንድ አምቡላንስ ከነባለሙያው በደሴቱ በኩል ይደር። ይህ ተጨማሪ ልግስና አይደለም፤ ተቋራጩ ለሠራተኞቹ ቆብና መታጠቂያ እንደሚያቀርብ ሁሉ ሊያሟላው የሚገባ የደኅንነት ግዴታ ነው።

በጣም የሚያከራክረው ወቅቱ ነው። ቀለም እርጥብ ብረት ላይ አይዝም፣ በኃይለኛ ነፋስም ክሬን አይሠራም፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ደረቁንና ጸጥ ያለውን ወቅት ይመርጣል። ያው ወቅት ደግሞ እንግዳ የሚመጣበት፣ ነጋዴው የዓመት ገቢውን የሚሰበስብበት ነው። ሁለቱንም የሚያስደስት ቀን አይገኝም። እኔ ለመሐንዲሱ አደላለሁ፤ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ወቅት ጀልባም ይሠራልና፤ በማዕበል ወራት ግን ድልድዩ ሲዘጋ ጀልባውም አብሮ ይታገዳል። ግን የነጋዴው ኪሳራ ማካካሻ ሥራው ካለቀ በኋላ በአቤቱታ ብዛት ሳይሆን፣ ጨረታው ሲወጣ ከብረቱና ከቀለሙ ዋጋ ጋር ተደምሮ ይያዝ።