ማስተካከያ፦ የሕፃናት ትንፋሽ ቁጥር ላይ ተሳስቻለሁ

ባለፈው «ጤና ጣቢያ ልጃችሁን በደንብ ማየቱን በምን ታውቃላችሁ?» ብዬ ስጽፍ፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ በደቂቃ 40 ከተነፈሰ ፈጣን ነው ብያለሁ። ልክ አይደለም። 40 እና ከዚያ በላይ የሚባለው ከ1 እስከ 5 ዓመት ላሉት ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ2 ወር በታች ደግሞ 60 ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለች አንዲት እናት የስድስት ወር ልጇን 44 ቆጥራ፣ በዚያ የድሬ ሙቀት ባጃጅ ይዛ መሮጧን ነገረችኝ። ይቅርታ እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሌላም አለ። ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ታቅፎ መውጣትን የጥሩ ሕክምና ምልክት አስመስዬው ነበር። ተራ ጉንፋን አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ይልቅ ይሄን እዩ፦ ባለሙያው ልብሱን ገልጦ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥሯል? በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ እጥፍ ማድረግ ያሳስታል። መጥባት አቅቶታል ወይ፣ የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ፣ አንቀጥቅጦታል ወይ ብሎስ ጠይቋል? ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ካለ ቁጥሩን ተዉትና ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።