የውጭ እርዳታ ክልክል ነው

ሰባት ልጆች አንድ የፍሪጅ ካርቶን ከበው በመቀስ ይታገላሉ። መቀሱ ደንዟል፣ ካርቶኑ ወፍራም ነው፣ ቆራጩ ልጅ ምላሱን አውጥቶ ያልበዋል። የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ አንድ አባት ቆሟል። ኪሱ ውስጥ ካርቶን መቁረጫ ስለት አለ። በ10 ሰከንድ ይገላግላቸው ነበር። ግን አይፈቀድለትም። ስለቱን ኪሱ ውስጥ እንደጨበጠ ያያል፤ ፊቱ ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ፊት ነው።

ይህን መከራ ያመጣበት ኦዲሲ ኦፍ ዘ ማይንድ የሚባለው የልጆች የፈጠራ ውድድር ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖር አበሻ ልጁን ትምህርት ቤት ካስገባ፣ አንድ ቀን በልጁ ቦርሳ ውስጥ የመመዝገቢያ ወረቀቱን ማግኘቱ አይቀርም። ነገሩ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። የግላስቦሮ ስቴት ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበሩት ሳሙኤል ሚክለስ ተማሪዎቻቸውን ጎማ የሌለው መጓጓዣ ሥሩ፣ ፓይ የሚወረውር ማሽን ሥሩ እያሉ ያስጨንቁ ነበር። ነጥብ የሚሰጡትም ለተሳካለት ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ነገር ለደፈረ ጭምር ነው። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቶች ወረደ። አንድ ቡድን እስከ 7 ልጅ ይይዛል፣ በዓመቱ ከሚወጡት አምስት ችግሮች (መፍትሔ ፍለጋ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው) አንዱን ይመርጣል፣ ወራት ይሠራበታል፣ በመጨረሻም በ8 ደቂቃ ውስጥ መድረክ ላይ ያቀርበዋል። ስምንቱ ደቂቃ ዕቃ ማቆሙንም ይጨምራል።

ሁሉም ደህና። ችግሩ አንዱ ሕግ ነው፤ በእንግሊዝኛ ያለውን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የውጭ እርዳታ» ይሆናል። እኛ ደግሞ የውጭ እርዳታ ሲባል የምናስበው ስንዴና ዘይት ነው፤ የሚከለከል ነገር መሆኑን የሰማ ሰው የለም። ሐሳቡም፣ ንድፉም፣ መቁረጡም፣ መስፋቱም፣ ለትርኢቱ የሚደረገው የፊት ቀለም እንኳ ከልጆቹ እጅ ብቻ መውጣት አለበት። አሠልጣኙ፣ ወላጅ፣ ታላቅ እህት፣ ጎረቤት ሁሉም «ውጭ» ናቸው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያለ ላደገ ሰው፣ ልጅ ያቦካውን ብቻ ለራት የሚያቀርብ ውድድር ነው የገጠመው።

አሠልጣኙ ግን መጠየቅ ይችላል። አማርኛ አደገኛ ቋንቋ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። «ጎማውን ወደ ኋላ ብታደርጉትስ?» ጥያቄ ነው? የጥያቄ ምልክትማ አለው። ግን በዚያች «ስ» ውስጥ የአንድ መሐንዲስ ሙሉ ንድፍ ተጠቅልሎ ገብቷል። «እንዴ! ይሄ ነው የሚቆመው?» ደግሞ ጭራሽ ፍርድ ነው። ቃል ሳይወጣ የሚሰጥ እርዳታም አለን፦ ቅንድብ ማንሳት፣ «እህህ» ማለት፣ ከሁሉም በላይ የእናት ዓይን። እንግዳ ፊት ሁለተኛ ብስኩት ሊያነሳ እጁን የዘረጋ ልጅ በዓይን ብቻ የሚመለስበት ቤት ውስጥ፣ ተሳስቶ የተጣበቀ ሳንቃም በዓይን ሊነቀል ይችላል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ይህን አላሰቡትም።

የሚፈቀደው ጥያቄ መልሱን ጠያቂውም የማያውቀው ነው። «ሲሞከር መጀመሪያ የተላቀቀው የቱ ነው?» «ለምን ይመስላችኋል?» «ሌላ ሦስት መንገድ ንገሩኝ።» ከሁሉም የሚጠቅመው ግን «ወረቀቱ (ችግሩ የተጻፈበት) ስለዚህ ምን ይላል?» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ልጆች ሦስት ወር በልብስ ላይ ይጫወቱና ችግሩ ግድ ያለውን አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ከመድረክ የጎደለ ደግሞ ዜሮ ነው። ብልህ አሠልጣኝ ወረቀቱን በየሳምንቱ ልጆቹ ራሳቸው ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያደርጋል፦ ግዴታውን በአንድ ቀለም፣ ክልክሉን በሌላ፣ ነጥብ የሚያስገኘውን በሦስተኛ እያሰመሩ። ሙያ ማስተማርም አልተከለከለም። ሙቅ ሙጫ እንዴት እንደሚያዝ፣ መርፌ እንዴት እንደሚገባ ማሳየት ይቻላል፤ ሌላ እንጨት ላይ፣ ሌላ ጨርቅ ላይ። ከዚያ ወጥቶ ሳምቡሳ ማሞቅ ነው። ሳምቡሳ የውጭ እርዳታ አይደለም፤ እስካሁን ያመለከተም የለም።

እጅን ኪስ ውስጥ ማቆየት በጣም የሚከብደው ባልሳ በሚባለው በጣም ቀላል እንጨት ችግር ላይ ነው። ልጆቹ ሙጫና ውፍረቱ የኢንች አንድ ስምንተኛ የሆነ ዘንግ ብቻ ይዘው አንድ ስንዝር የምታህል ማማ ይሠራሉ፤ ክብደቷ በአብዛኛው ከ18 ግራም ማለፍ የለበትም፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከዚያ የክብደት አንሺዎች ብረት እየተደራረበ ይጫንባታል፤ ጎበዝ ማማ ብዙ መቶ ፓውንድ ትሸከማለች። የተጫነባት ዘንግ የሚሰበረው እንደ ድንጋይ ተጨፍልቆ አይደለም፤ መጀመሪያ ወገቡ ይጎብጣል። ስለዚህ መሐሉ ላይ አግድም ያሻዋል። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንጎች ሚዛን ላይ ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊመዝን ይችላልና፣ ልጆቹ እያንዳንዱን መዝነው አራት ተቀራራቢዎችን ለእግር ይመርጣሉ። አንዱ እግር በአንድ ሚሊ ሜትር ካጠረ ሸክሙ ለቀሩት ይቀራል፣ ማማውም ዘመም ብሎ ይሄዳል። መስታወት ላይ አቁሞ በጣት ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ ካንኳኳ እኩል አይደለም።

አባት ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አገር ቤት ግንበኛ ሲያሠራ የኖረ ነው። ያውቃል፣ ዝም ይላል፣ ደም ግፊቱ ይወጣል።

ደግሞ የአየሩ ነገር አለ። በክረምት ማሞቂያ በደረቀ ቤት ውስጥ 17.9 የመዘነች ማማ፣ በመጋቢት ዝናብ ወደ ስፖርት አዳራሽ ስትገባ እርጥበት ትጠጣና 18.1 ትሆናለች። ልጆቹ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብለው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ፤ የማንም እናት «አምጣ እኔ ልፈግፍግልህ» ማለት አትችልም። የበሰለ ቡድን 17.5 ላይ ያቆማል፤ በማይዘጋ ካርቶን ፋንታም በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ይመጣል።

ወረቀቶቹም የራሳቸው ጉድ አላቸው። መድረክ ላይ የሚወጣው ዕቃ ዋጋው ይጻፋል፣ ድምሩም ከተወሰነው ዶላር አያልፍም። ያገለገለ ዕቃ ዋጋው የተገዛበት አይደለም፤ ጋራዥ ሴል (ያገለገለ ዕቃ ደጅ ላይ የሚሸጥበት) ላይ ቢወጣ የሚያወጣው ነው። ልጅቷ ንግሥት ሆና ልትጫወት የእናቷን የሀበሻ ቀሚስ ታመጣና ወረቀቱ ላይ «ያገለገለ ቀሚስ፣ 15 ዶላር» ብላ ትጽፋለች። እናት ያንን ወረቀት ያየች ቀን ነው ቤቱ የሚናወጠው። «ከሽሮ ሜዳ! በሰው! ያውም በእጅ የተሠራ ጥለት!» ልጅቷ ደንቡን ታነብላታለች። ደንቡ ጥለት አያውቅም።

የውድድሩ ቀን ሌላው ክፍል ይመጣል፦ ዳኛው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዳኛ የማዋጣት ግዴታ አለበት፤ ዳኛው አስቀድሞ ይሠለጥናል፣ የራሱን ልጅ ቡድንም አይዳኝም። ልጆቹ እንዳይፈሩ ብለው ዳኞቹ አስቂኝ ኮፍያ ያደርጋሉ። ይሉኝታ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯልና የአበሻ ዳኛ ፈተናው ቁጥሩ ላይ ነው። ለአቀራረብ ውበት አምስት መስመር አለ፣ እያንዳንዱ እስከ 10። እንዴት ለሰው ልጅ 4 ይሰጣል? እናቱ እዚያ ተቀምጣ! ስለዚህ ለሁሉም 9። አሁን ስሌቱን እዩ፦ አንደኛ የወጣው ቡድን 50ውን ሙሉ ይወስዳል፣ ሌላው በእሱ ልክ ይሰላለታል። ሁሉም 9 ካገኘ ሁሉም 50 ነው፤ ልጆቹ ስድስት ሳምንት የለፉበት ልብስ ለውጤቱ ምንም አልፈየደም። ደህና ዳኛ ልጁን በፈገግታ ያነጋግራል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ 4 ይጽፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ የሚችል አበሻ እስኪገኝ ሥልጠናው መደገም አለበት።

ከትርኢቱ በኋላ ዳኞቹ መጥተው ልጆቹን ያዋራሉ። ጨዋታ ይመስላል። «ይሄ እንዴት ይሠራል? ማን አሰበው?» የሠራው ልጅ ሦስት ጊዜ የተሰበረበትን ጭምር ይተርካል። ያልሠራው ዞር ብሎ አባቱን ይፈልጋል።

ስለ አባት ከተነሳ፣ በአዳራሹ ውስጥ አማርኛን ምስጢራዊ ቋንቋ አድርገው የሚይዙ አሉ። ልጆቹ የሠሯት መኪና መድረኩ ላይ ወደ ጠርዝ ስትሄድ ከተመልካች መሐል «ግራ! ወደ ግራ በላት!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፈረንጅ አይገባውማ። ይሄኔ ዳኞቹ መሐል ራሷ ላይ የጨርቅ ዶሮ ያጠለቀች ሴት ቀስ ብላ ዞር ትላለች፦ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ። የልጆቹ ነጥብ ይቀነሳል።»

ልጆቹ ሳያውቁት ቀርቦ እዚያው የሚመልሱት ቅጽበታዊ ጥያቄ ደግሞ በዝግ ክፍል ነው፤ ወላጅ አይገባም። ለምሳሌ ልጆቹ ባዶ ጣሳ ይሰጣቸውና ምን ሊሆን እንደሚችል 1 ደቂቃ ያስባሉ፣ ከዚያ ተራ በተራ ይመልሳሉ። የተለመደ መልስ ትንሽ ነጥብ፣ የፈጠራ መልስ ብዙ ነጥብ አለው። «የእርሳስ ማስቀመጫ» ሁሉም ይላል። የእኛ ልጅ «ጤፍ መስፈሪያ» ሲል ግን ዳኛው ቀና ይላል፤ አያቱ ቤት ተራ የሆነው ነገር እዚህ ግኝት ነው። በእጅ የሚሠራው ጥያቄ ላይ፣ በስፓጌቲና በማርሽሜሎ ማማ ሲያቆሙ፣ የሚጥላቸው ስስት ነው፤ የተሰጣቸውን ሁሉ ካልጨረሱ ደስ አይላቸውም፣ ሊያበቃ 10 ሰከንድ ሲቀር አንድ ስፓጌቲ ይጨምራሉ፣ ማማው ይተኛል።

የጥያቄው ምስጢር በግንቦት የዓለም ውድድር እስኪያልቅ ለማንም አይነገርም። መኪና ውስጥ «ምን ጠየቋችሁ?» ልጁ ዝም። «እኔ እናትህ ነኝ!» ዝም። አዲስ አበባ ያለችው አያት ስልክ ተደውሎላት ሁለት ወር ሙሉ ሳታውቅ ትኖራለች።

ማታ፣ ሁሉም ሲያልቅ፣ አባት ግቢ ውስጥ ያንን የፍሪጅ ካርቶን ያገኘዋል። ለሪሳይክል መቆራረጥ አለበት። ስለቱን ከኪሱ ያወጣል፤ ስድስት ወር ሙሉ ታስሮ የኖረ እጅ ነው። ሊቆርጥ ሲል ልጁ ከበሩ ይጮሃል፦ «አባ! እንዳትነካው! ለስቴት አልፈናል!»