ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮንም ሕግ አለው

ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2025) የሎስ አንጀለሱ የፓሊሳይድስ ሰደድ እሳት ገና እየነደደ ሳለ፣ አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሠራውን ትንሽ ድሮን አስነሳ። የፈለገው እሳቱ ያደረሰውን ጉዳት ማየት ነበር። ድሮኑ ወደ እሳቱ አቅጣጫ ከ2,500 ሜትር በላይ ተጉዞ ከእይታው ተሰወረ፤ ከዚያም ከካናዳ ኩቤክ መጥቶ እሳት ሲያጠፋ ከነበረ ሱፐር ስኩፐር አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። የጥገና ሠራተኞች ግን ግራ ክንፉ ላይ 7 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ አገኙ። በአንድ ምልልስ ወደ 6,000 ሊትር ውኃ የሚደፋ አውሮፕላን፣ ሰፈር እየተቃጠለ ለጥገና ቆመ። ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ 65,169 ዶላር ለመክፈልና 150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለመስጠት ተስማማ።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቁጥር፣ ድሮን በትርፍ ጊዜያችን የምናበር ሰዎች አጥፊው ላይ እንወርድበታለን። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የራሳችንን ድርሻ ይሸፍናል። ባትሪው እስኪያልቅ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር የሄደ ድሮን ቪዲዮ ሲለቀቅ «ሲግናሉ እንዴት ይገርማል!» እያልን የምናደንቀው እኛው ነን። «ከ250 ግራም በታች ስለሆነ ሕጉ አይመለከትህም» ብለን አዲስ ገዢን የምንመክረውም እኛው ነን።

ይህ ምክር ስህተት ነው። በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ከምዝገባ ነፃ ነው። ባለመመዝገቡም መለያውን በሬዲዮ እንዲያሰራጭ አይገደድም። ነፃነቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ከመሬት 120 ሜትር በላይ አለመውጣት፣ ድሮኑን በዓይን ማየት፣ ሰው ለጫነ አውሮፕላን ሁሉ ቅድሚያ መስጠት፣ ጊዜያዊ የበረራ እገዳን ማክበር፣ ነፃውን የደኅንነት ፈተና አልፎ ማስረጃውን መያዝ የግራም ጉዳይ አይደለም። በዚያ ላይ ነፃነቱ በቀላሉ ይፈርሳል። ሚኒ 3 ፕሮ በተባለው የዲጄአይ ድሮን ላይ ትልቁን ባትሪ ከገጠሙ ክብደቱ ከ250 ግራም ያልፋል። ቀረጻው ለክፍያ ከሆነ ደግሞ ድሮኑ የቱንም ያህል ቢቀል ይመዘገባል፤ አብራሪውም ፓርት 107 የሚባለው የፌዴራል የድሮን አብራሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሩብ ኪሎ የማይሞላ ፕላስቲክ ምን ይጎዳል ለሚል ሰው ስሌቱ ቀላል ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ከሚበር አውሮፕላን ጋር ሲጋጭ፣ ግጭቱ 40 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለውን ጉልበት ያህላል፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በሞተሩና በባትሪው ጠንካራ ጫፍ በኩል መዳፍ በማታህል ስስ አሉሚኒየም ላይ ነው።

የ120 ሜትር የከፍታ ገደብም እሳት አጠገብ ዋስትና አይሆንም። በአዘቦት ቀን አውሮፕላኖች ከዚያ በላይ ስለሚበሩ መካከላችን ክፍተት ይኖራል። ውኃ የሚደፋ አውሮፕላንና ሕመምተኛ የሚያነሳ ሄሊኮፕተር ግን ድሮን ወደሚበርበት ከፍታ ይወርዳሉ። ድሮኑ ሲግናል ሲያጣ ደግሞ፣ ወደ መነሻው ለመመለስ መጀመሪያ እስከተሞላለት የመመለሻ ከፍታ ድረስ በራሱ ይወጣል። ጭስ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ድሮን ባለቤቱም አያየው፣ ፓይለቱም አያየው።

ከሕንፃ ጣሪያ ማስነሳት የራሱ ችግር አለው። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት ኮምፓሱን ያዛባዋል፤ ድሮኑ ቦታውን ይዞ መቆም ያቅተውና ክብ እየሠራ ይንሸራተታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታም የሚለካው ከመነሻው ነጥብ ነው። 25 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ ተነስተው 100 ሜትር ካነበቡ ከመንገዱ በላይ 125 ሜትር ላይ ነዎት። «አፑ ያግደኛል» የሚለውም ቀርቷል፤ ዲጄአይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ድሮኖቹን በተከለከለ ቀጠና ከመነሳት ማገዱን ትቶ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የእገዳ ዝርዝሩን ከቤት ሲወጡ ማየት አይበቃም፤ ፕሮፔለሩ ከመዞሩ በፊት እንደገና ይታይ። የእሳት እገዳ በሰዓታት ውስጥ ይታወጃል።

ጥፋት ስናይ ምን እናድርግ? ሁሉን በአንድ መዶሻ መምታት አይጠቅምም። ባለማወቅ መናፈሻ ውስጥ ከፍ አድርጎ ያበረ ጀማሪ፣ ሕጉ የትኛው እንደሆነና የት እንደሚገኝ ለብቻው ቢነገረው አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክላል። በአደባባይ ከተሰደበ ግን ቪዲዮውን አጥፍቶ ማብረሩን ይቀጥላል። ሰው የጫነ አውሮፕላን ወይም የነፍስ አድን ሥራ አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ምክር ቦታ የለውም፤ ወዲያው 911 ይደወል። ከዚያ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ድሮኑ የመጣበትና የሄደበት አቅጣጫ፣ ካለም ያልተቆረጠ ቪዲዮ ለአካባቢው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ቢሮ ይላክ። የራስን ድሮን አስነስቶ ማሳደድ ሁለተኛ አደጋ ነው። ሲግናል ማፈንም ሆነ መተኮስ ወንጀል ነው፤ ድሮን በፌዴራል ሕግ አውሮፕላን ነው። ድሮኑ በሬዲዮ የሚያሰራጨው መለያ አብራሪው የቆመበትን ቦታ በስልክዎ ቢያሳይዎትም ለጠብ አይሂዱ፤ መረጃውን ለፖሊስ ይስጡ።

ጉዳዩ አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን በድሮን በሚቀረጽ ሰርግ ላይም አለ። ከዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንኛውንም ድሮን ማብረር ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በዚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ይዞ የሚሄድ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ አስቀድሞ ካላገኘ ቦሌ ላይ ይያዝበታል። «ፈታትተህ አስገባው» ብሎ መምከር ልምድ ካለው አብራሪ አይጠበቅም፤ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ድንገት የሚሰማ የድሮን ድምፅ ሕዝብን እንደሚያስደነግጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ለሙሽሮችም፦ ከቪዲዮ ባለሙያው ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት የፓርት 107 ፈቃዱን፣ የድሮኑን ምዝገባና በዚያ ቦታ ለማብረር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠይቁ። ካላሳያችሁ የድሮን ቀረጻው ከውሉ ይውጣ።