ሱባኤ ላይ ነኝ

የእድራችን ጥሩምባ የሚነፋው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ጥሩምባውን ቀድሞ ይነሣል። ተራው የደረሰ አባል ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ውሃ የጠጣውን ሸራ ከነብረቱ ከዕቃ ቤት አውጥቶ፣ ለቀስተኛ ሳይሰበሰብ ድንኳኑን መትከል ይጠበቅበታል፤ የቀረ መቀጮ ይከፍላል። እኔም በነሐሴ ምድብ ውስጥ መግባቴን ከሰማሁባት ቀን ጀምሮ ነፍሴ ብርሃን ትጠማ ጀመር።

«ሰው ራሱን ሳያውቅ ሌላውን ሊረዳ አይችልም፤ ስለዚህ ፍልሰታን ደብረ ሊባኖስ ሱባኤ ገብቼ ውስጤን እመረምራለሁ» ስል ለባለቤቴ አስታወቅኋት። እሷም ሽሮዋን ማማሰሏን ሳታቋርጥ፣ ውስጡን ለማየት ይህን ያህል የጓጓ ሰው ከተዘጋ ሁለት ሳምንት የሆነውን የዕቃ ማጠቢያ ቱቦ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አለማየቱ እንደሚደንቃት ነገረችኝ። በቱቦ ላለመረታት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጠራሁ፤ 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት ራስ ወዳድ ስለ ሆኑ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «እሳቸው እኮ ዳሞት ድረስ ወርደው ሕዝብ ያስተማሩ ናቸው፤ አንተ የድንኳን ምሰሶ ይዘህ 7 ደቂቃ ቆመህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ቀጥላም 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ እንኳ የዳነው ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ መሆኑን አስታወሰችኝ። ክርክሩ በዚህ ከቀጠለ ከበላዔ ሰብእ በታች መመደቤ የማይቀር መሆኑን ስረዳ፣ በሶዬንና ጥሬ ሽምብራዬን ቋጥሬ ወጣሁ።

በነገራችን ላይ፣ በዋልድባ ቋርፍ እየበላ ለዓለም ሲጸልይ ዕድሜውን የሚጨርስን መናኝ ራስ ወዳድ የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። መናኝ ሲሄድ ድርሻውንም ጥሎ ነው። የእኔ ብጤው ግን የሚመንነው የሥራ ተራው ሲደርስ ብቻ ነው፤ ነሐሴ 16 ቅርጫ ሲከፋፈል ማንም አይቀድመውም።

ገዳሙ እንደ ደረስሁ አንድ ጥግ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብርሃኑን መጠበቅ ጀመርሁ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ፣ መነሣት ላልቻሉ ሕሙማን ጸበል በሁለት ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ሲያልፉ አጠገቤ ቆም አሉና «ልጄ፣ አንዱን ትይዝልኛለህ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሱባኤ ላይ ነኝ» አልኳቸው።

«እኔም» ብለው ሁለቱንም ይዘው አለፉ።

በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ብርሃን በርግጥ ታየኝ። ከጎኔ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የተኛ ሰው ጋቢው ውስጥ የደበቀው ስልክ ነበር። ሰውዬው ፊቱን ገለጥ ሲያደርግ፣ የቀረውን ሁሉ በመቀጮ የሚያንቀጠቅጡት የእድራችን ዳኛ ሆነው አገኘኋቸው። ሁለታችንም ለሰላምታ አልቸኮልንም።

«ለቅሶ አለ» አሉኝ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«ተራው የእኔ ነበር፤ ጋሼ፣ ድንኳኑን ማን እየተከለ ነው?»

ስልካቸውን አንድ ጊዜ ደግመው አዩና፣ «የአንተዋና የእኔዋ» ብለው ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ።