ወክ በባቡር መንገድ

ጎጃም ውስጥ መንገድ የወጣ ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠየቃት አንድ ጥያቄ አለች፦ «ወዴት ነው?» መልሱ ገበያ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ወፍጮ ቤት ነው፣ ቀጠሮ ነው (የፍርድ ቤት መሆኑ ነው)። «ዝም ብዬ ሄጄ ልመለስ ነው» ያለ ሰው ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ አበዳሪ ይሸሻል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ስኳር ተገኝቶበት ይሆናል» የሚል ሦስተኛ ግምት ተጨምሯል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ጎህ ሲቀድ ቱታ ለብሰው አስፋልት ዳር የሚጣደፉት ጎልማሶች አብዛኞቹ ሐኪም ያዘዘባቸው ናቸው። ስሙም ወክ ነው።

የአገር ቤት ወክ የራሱ ሥርዓት አለው። መኪና በቀኝ ስለሚነዳ እግረኛ በግራ ጠርዝ ይሄዳል፤ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያያል። ኮብልስቶን ላይ አይፈጠንም፤ አንዱ ድንጋይ ሲሰምጥ ጎረቤቱ ጠርዙን ያወጣል፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም እዚያ ላይ ነው። የቦይ ክዳን አይረገጥም፤ የተሰነጠቀው ከደህናው አይለይም። ይህ ሁሉ ይታለፋል። የማይታለፈው «ግቡ እንጂ፣ ቡናው ደርሷል!» ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የታሰበው ወክ ስድስት መቶኛው ሜትር ላይ በርጩማ ይሰጠዋል፤ የሸሹት ስኳርም ስኒው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ልጃቸውን ሊያርሱ ቨርጂኒያ ደርሰው የሚመለሱ ወላጆች ስለ አንድ መንገድ ሲያወሩ ማኅበርተኛው በጥርጣሬ የሚያዳምጣቸው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ይሄዳል፣ የሚደርስ ግን የለም። ጭነት የለ፣ አህያ የለ፣ «ግቡ» ባይ የለ።

መንገዱ ደብሊው ኤንድ ኦዲ (ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን) ይባላል፤ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት ነው። አርሊንግተን ውስጥ ሸርሊንግተን ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ ፐርስልቪል ከተማ ይደርሳል፤ 45 ማይል ወይም 72 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከደጀን ደብረ ማርቆስ እንደማለት ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ቆመ። መሬቱን የመብራት ኩባንያ ገዛው፤ ኋላም የአካባቢው የፓርክ ባለሥልጣን ተረክቦ ክፍል በክፍል አስፋልት አለበሰው፤ ፐርስልቪል የደረሰው በ1988 ነው። ሐዲዱ ሲነቀል የቀረው ጠጠር ውኃ ያሳልፋል፣ ለዓመታት በባቡር ክብደት ተጠቅጥቋል፤ ለአስፋልት ከዚህ የተሻለ መሠረት አይገኝም። የሚያበላሸው የዛፍ ሥር ነው፤ ከታች ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ጎማም እግርም ያደናቅፋል።

የአስፋልቱ ወርድ ሦስት ሜትር ያህል ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የጎጃም ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ሲያንጠለጥልበት ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሁለት አማቾች ጎን ለጎን ወክ ከወጡ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። መፍትሔው ዱላውን ማቆም ነው፤ ካልሆነም አንዱ ከኋላ ይከተል። (ማን ከኋላ ይሁን የሚለው ከተነሣ ወኩ በዚያው ያበቃል።)

ሕጉ በቀኝ ሄዶ በግራ መቅደም ነው። ብስክሌተኛ ከኋላ ሲመጣ ደወል ይደውላል ወይም «ኦን ዩር ሌፍት!» ብሎ ይጮኻል፤ በግራህ ላልፍ ነውና ቀኝህን ይዘህ ቀጥል ማለቱ ነው። ጎጃሜ ግን ጨዋ ነው፤ ሲጠሩት ዝም ብሎ አይሄድም። ይዞራል፣ ያውም ድምፁ ወደመጣበት ወደ ግራ። ግጭቱ የሚፈጠረው በዚህች ግማሽ ዙር ነው።

ከግጭት የተረፈ ደግሞ ሰላምታ ይጀምራል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ብስክሌት በሰከንድ ሰባት ሜትር ይሄዳል። ጤናን፣ ልጆችን፣ ከብቱንና አዝመራውን ያዳረሰ ሰላምታ አርባ ሰከንድ ቢወስድ፣ «ከብቱስ እንዴት ከረመ?» ሲባል ተጠያቂው 280 ሜትር ርቋል። ለነዚያ ሰዎች አንገት ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ለአዛውንቶቻችን ይህ ኩርፊያ ነው፤ እውነታቸውን ነው።

ሜዳነቱም ያታልላል። የባቡሩ ጎማ ብረት፣ ሐዲዱም ብረት ነው፤ ይንሸራተታልና በመቶ ሜትር ከሁለት ሜትር በላይ ሽቅብ ሲሆን ይቸገራል። ስለዚህ ኮረብታው ተቆርጦ ሸለቆው ተሞልቷል። በዚህ ልክ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ለመውጣት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መጠማዘዝ ያስፈልግ ነበር። የዓባይን በረሃ በእግሩ የወጣ ባት ይህን ሜዳ ይንቃል፤ በሁለተኛው ቀን ግን አገዳው ይጠዘጥዘዋል። ዳገትና ቁልቁለት ጡንቻን ያፈራርቃሉ፤ ሜዳማ አስፋልት አንዱኑ ጡንቻ በአንድ ዓይነት እርምጃ ሺህ ጊዜ ይመታዋል። መድኃኒቱ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ባለበት ቦታ፣ ጎን ለጎን ወዳለው የጠጠር መንገድ መውረድ ነው። ጫማን በተመለከተ በረባሶ የሚታማበት ነገር የለም፤ ጎማ ከመጀመሪያውም ለአስፋልት የተሠራ ነው።

ያ የጠጠር መንገድ የፈረስ ነው። ፈረሱ በዝግታ፣ ብስክሌተኛ እንዳያስደነግጠው እየተጠነቀቁለት ይሄዳል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገውን ፈረሰኞች ጉግስ ያየ ሰው ይህንን ባይሰማ ይሻለዋል።

ጎጃሜው ያለ አስተርጓሚ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የመሬቱ ክርክር። አሜሪካ ውስጥ ብዙው የባቡር መሬት የኩባንያው አልነበረም፤ ባለመሬቱ ለማለፊያ ብቻ የፈቀደው ነው። ባቡሩ ሲቀር «እንግዲህ መሬቴን» የሚል ወራሽ ተነሣ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ሕግ፣ ባቡር አንድ ቀን ሊመለስ ስለሚችል መሬቱ ሳይበተን ይቆይ፣ እስከዚያው ሰው ይሂድበት አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉን አጸናው፤ ካሣ የመጠየቅን በር ግን አልዘጋም። በ2014 ደግሞ በሌላ ሕግ የተሰጠ የዋዮሚንግ መሬት ጉዳይ ቀርቦ ባለመሬቱ ረታ። ይህ ሲተረክ በወክ ወሬ ሲያንቀላፉ የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ይነቃሉ፤ በርስትና በሚስት ቀልድ የለማ! የሚጠይቁትም በመዝገብ ቁጥሩ የሚደረስበት እስኪመስል ነው፦ ምስክር ነበረው? ድንበሩ በምን ተለየ?

የሚገርማቸው ወራሹ ጠበቃ መቅጠሩ ነው። የባቡሩ መሬት ወርድ 30 ሜትር ነው፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ 27 ሜትር ሣር ይተርፋል። ከሁለቱም ወገን በዓመት አንድ አንድ ትልም ቢገፋ፣ ትልሙ ሩብ ሜትር ቢሆን፣ በ54 ዓመት ማረሻው አስፋልቱን ይነካል። ሰነድ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ጩኸት የለ። ከዚያ በኋላ ብስክሌተኛው የፈለገውን ያህል «ኦን ዩር ሌፍት!» ቢል ከጤፉ መሐል የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «በግራም ያለው የአባቴ ነው!»